የሚቆራረጠው ሞተር በደጋው ከተማ
ስለ አሮጌ ስኩተርና ስለ ባጃጅ ሕመም፤ የመለዋወጫ ነጋዴውም ስለሚኖረው ድርሻ

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና የሐዲያ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠች የንግድ ከተማ ናት። ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ፣ ከዶዮገና፣ ከሺንሺቾና ከሾኔ የሚመጣው ነጋዴ ከመናኸሪያው ወርዶ ዕቃውን ወደ ሱቅ ወይም ወደ ገበያ የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰማያዊና በነጭ ቀለም በተቀባው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ ማለትም ሕዝቡ ሁሉ ባጃጅ ብሎ በሚጠራው ነው። ቆጮውና ቡላው፣ ስንዴውና ባቄላው፣ የሀደሮ ዝንጅብልም ሳይቀር የመጨረሻውን የመንገዱን ክፍል የሚጨርሰው በዚሁ ተሽከርካሪ ላይ ነው። ስለዚህ የባጃጅ ሞተር ጤና የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ የባለ ሱቁም፣ መለዋወጫውን ከውጭ አገር የሚያስመጣው ነጋዴም ጉዳይ ነው።

በእነዚህ ከተሞች በሚገኙ ጋራዦች በየዕለቱ የሚሰማው አቤቱታ ከሞላ ጐደል አንድ ዓይነት ነው። ሞተሩ ይነሣል፤ ነገር ግን ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሚኒሞ አይይዝም፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ቤንዚንም ይፈጃል። ሾፌሩ ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። መካኒኩም ጊዜ ሲያጥረው ካርቡራተሩ ይለወጥ ይላል። ባለ ሱቁ ካርቡራተሩን ይሸጣል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ተሽከርካሪው እንደ ቀድሞው እየተንቀጠቀጠ ይመለሳል። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት የማሽኑን ትውልድና የተወለደበትን አገር ማወቅ ይጠቅማል።

የባጃጅ ቅድመ አያት ቬስፓ የተባለው የጣልያን ስኩተር ነው። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፕላን ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ፋብሪካው በጦርነቱ ከፈረሰ በኋላ ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መጓጓዣ ለመሥራት አሰበ። ሥራውን የተሰጠው ኮራዲኖ ዳስካንዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ብስክሌትም አይወድም ነበር ይባላል። ምናልባትም ስለማይወድ ይሆናል ሰንሰለቱን አስወግዶ፣ ሞተሩን በላሜራ ሸፍኖ፣ ማርሹን በግራ እጅ መያዣ ላይ አድርጎ፣ የሚነዳው ሰው ልብሱ ዘይት ሳይነካው እንዲቀመጥ ያደረገው። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው ሚያዝያ 15 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1946) ሲሆን፣ ሞተሩ 98 ሲሲ ብቻ ነበረ። ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ከቬስፓ አካል ላይ ባለ ሦስት እግር ዕቃ መጫኛ አውጥቶ አፔ ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም ንብ ማለት ነው። ተርቧ ሰው ታመላልሳለች፤ ንቧ ደግሞ ትሸከማለች።

የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ እነዚህን ተሽከርካሪዎች መጀመሪያ ከውጭ እያስመጣ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በፒያጆ ፈቃድ ራሱ መሥራት ጀመረ። ውሉ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያበቃ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቼታክ የተባለውን ስኩተር በራሱ ስም አወጣ፤ ቼታክ የአንድ የሕንድ ንጉሥ የጦር ፈረስ ስም ነው። ዛሬ በሆሳዕና ጐዳና የሚሮጠው ባለ ሦስት እግር ብዙ ለውጥ ቢደረግበትም የአያቱን መልክ አልጣለም። ሞተሩ ከኋላ መሆኑ፣ መሪው እንደ ስኩተር መሪ መሆኑ፣ በብዙዎቹም ማርሹ በግራ እጅ በመጠምዘዝ መለወጡ የዝምድናው ምልክት ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ አገር በአንዳንድ ቤት በረንዳ ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን አሮጌ ቬስፓ ለማስነሣት የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ባጃጅ የሚሠራ መካኒክ እንግዳ የሚሆንበት ነገር ጥቂት ነው።

ቋንቋውም ቢሆን የቆየ ነው። መካኒኩ ከሕንድ የመጣውን ተሽከርካሪ እየፈታ የሚናገረው በጣልያንኛ ቃላት ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ዳዶ፣ ቡሎን ይላል። ጣልያንን ያላየ የዱራሜ ወጣት እነዚህን ቃላት ከጌታው ተምሯቸዋል፤ ጌታውም ከጌታው። ከውጭ ለሚያዝ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሕንዱ የዋጋ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ የሆሳዕናው ደንበኛ ግን በጣልያንኛ ይጠይቃል። ሁለቱን የማያገናኝ ባለ ሱቅ የተጠየቀውን ዕቃ በመደርደሪያው ላይ አስቀምጦ የለም ሲል ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቬስፓ የተወለደባት ፖንቴዴራ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ የማትል የሜዳ ከተማ ናት። የባጃጅ ኩባንያ መነሻ የሆነችው ፑኔ ከፍታዋ 560 ሜትር ያህል ነው። ሆሳዕና ግን በ2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዱራሜም ከዚያ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ያህል ይጐድላል። ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው በመጠን ነው፤ አንድ ጊዜ ሲስብ የሚያስገባው አየር መጠኑ ያው ሆኖ ክብደቱ ያነሰ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር በደጋ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ማጣቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው እንጂ ሕመም አይደለም። ይህን ሾፌሮች ቢያውቁት ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሕመሙ የሚመጣው ከካርቡራተሩ ነው። ካርቡራተር አየሩን አይመዝንም፤ አየሩ በጉሮሮው ሲያልፍ በሚፈጥረው ስበት ቤንዚን ከጄቱ ቀዳዳ ይስባል። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለሜዳ የተስተካከለ ካርቡራተር ሆሳዕና ሲደርስ የቤንዚኑ ድርሻ ከሚገባው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ይበዛል። ይህ ትርፍ ቤንዚን ጉልበት አይሰጥም፤ በጭስ መልክ በማርሚታ ይወጣል፤ ካንዴላውንም በጥላሸት ይለብጠዋል። ባለ ሁለት ምት ሞተር እንዲህ ቤንዚን ሲበዛበት በየዙሩ መተኰሱን ትቶ አንድ ዙር እያለፈ ይተኵሳል፤ ያ የሚቆራረጥ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ለባለቤቱ በገንዘብ ሲተረጐም፣ ከሚቀዳው ከ10 ሊትር ውስጥ አንዱ ሊትር ያለ ሥራ ይቃጠላል ማለት ነው።

መፍትሔው ደግሞ ከአንድ ሽምብራ የማይበልጥ የናስ ቁራጭ ነው። ጄት የሚባለው ይኸው ቁራጭ በመካከሉ ቀዳዳ አለው። በቬስፓ ላይ የሚገኘው ዴሎርቶ ካርቡራተር ጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ወርድ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ያመለክታል፤ 102 ተብሎ የተጻፈበት ቀዳዳው 1.02 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ከ102 ወደ 96 ቢወረድ ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ የቀዳዳው ስፋት ግን 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህም ለሆሳዕና ከፍታ ከሚያስፈልገው ቅናሽ ጋር የተቀራረበ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች ቁጥራቸውን በሌላ ዘዴ ስለሚሰጡ፣ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማመሳሰል ስሕተት ላይ ይጥላል። አወራረዱም በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ አንድ ደረጃ ተወርዶ፣ ተነድቶ፣ ካንዴላው ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ ሌላው ደረጃ ይሞከራል። የበዛ ቤንዚን ኪስ ይጐዳል፤ ያነሰ ቤንዚን ግን ሞተር ይገድላል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ቤንዚን ያነሰው ፒስተን ይግላል፤ ይነፋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥም ይጣበቃል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ከሆሳዕና ወደ ሀላባ ቁሊቶ የሚወርድ ተሽከርካሪ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ አየሩም ይከብዳል፤ ቅልቅሉ 3 በመቶ ያህል በቤንዚን ይሳሳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ስለዚህ በሆሳዕና ዳገት ላይ እስከ መጨረሻው ጠብቦ የተስተካከለ ጄት በቆላው መንገድ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። አስተዋይ መካኒክ ተሽከርካሪው የት የት እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ጄት አይለውጥም፤ ለሚወርድና ለሚወጣ ተሽከርካሪ ጥቂት ትርፍ ይተዋል።

ነገር ግን የሚቆራረጥ ሞተር ሁሉ በጄት ይድናል ማለት አይደለም። ጄት ከመንካት በፊት ሕመሙ መቼ እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከጋለ በኋላ? በሚኒሞ ነው፣ በግማሽ ጋዝ ነው ወይስ ሙሉ ሲከፈት? በሚኒሞ ብቻ የሚያስቸግር ሞተር ዋናው ጄት ቢለወጥለት አይሻለውም፤ በሚኒሞ ቤንዚን የሚሰጠው ሌላ ደቃቅ ጄት ነውና። ቾክ የሚባለውን የማስነሻ መሳቢያ ሞተሩ እየሠራ በጥቂቱ መሳብም ብዙ ያስተምራል። ሲሳብ ሞተሩ ከተሻለው ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሲሳብ ከባሰበት ቤንዚን በዝቶበታል። ይህ ሙከራ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ከዚያም ካንዴላው ይፈታል። መልኩ የማኪያቶ ቀለም ከሆነ ሞተሩ ደኅና ይበላል። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይት በዝቷል፣ ወይም እሳቱ ደክሟል። ነጭ ሆኖ ከተገኘ ግን ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት፤ ቤንዚን አንሶታል ወይም ከማይገባው ቦታ አየር እየሳበ ነው። በብዙዎቹ የቬስፓ ሞተሮች የካንዴላው ክፍተት 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ካንዴላው ሲሞከር ብረቱ ከቴስታታው ጋር ተነካክቶ፣ ከቤንዚን ርቆ መሆን ይገባዋል። ሰማያዊና የሚንጣጣ እሳት መልካም ነው፤ ቢጫና የሰነፈ እሳት መልካም አይደለም።

ስለ ቤንዚኑ ራሱ ብዙ መናገር ይቻላል። ነዳጅ ማደያ በሌለበት ወይም ወረፋው በረዘመበት ጊዜ በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ውኃም ነጭ ጋዝም ሊኖርበት ይችላል። ውኃው ከቤንዚን ስለሚከብድ በካርቡራተሩ ሳሕን ሥር ይተኛል፤ ሞተሩም ጥቂት ሄዶ ይጠፋል፤ ተመልሶም ይነሣል። ሳሕኑን ፈትቶ በብርጭቆ ውስጥ ገልብጦ ማየት ይበቃል፤ ውኃው ከሥር እንደ ዶቃ ተለይቶ ይታያል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ደግሞ በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጎ መጠበቅ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባት ትቶ ይሄዳል። ዘይት አስቀድሞ የተቀላቀለበት ቤንዚንም ቅባት ስለሚተው ሙከራው ዘይት ከመጨመሩ በፊት መደረግ አለበት።

የዘይቱ መጠን ራሱን የቻለ ችግር ነው። ቀደምቶቹ ቬስፓዎች በመቶ አምስት ዘይት ይፈልጉ ነበር፤ ኋላ የመጡት በመቶ ሁለት ይበቃቸዋል። በመቶ ሁለት ማለት በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ብዙ ሰው ግን በግምት ያፈሳል፤ የበዛ ዘይት ሞተር ያድናል ብሎ ያስባልና። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የበዛ ዘይት ጭስ ያበዛል፤ ካንዴላ ያጠፋል፤ ማርሚታ ይደፍናል። ከዚያም በላይ በጄቱ ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ፣ ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ይወስዳል፤ ሞተሩም በዘይት ታጥቦ ሳለ ቤንዚን ያንሰዋል። በመስፈሪያ የታሸገ ዘይት የሚሸጥ ባለ ሱቅ ደንበኛውን ከዚህ ጣጣ ያወጣዋል፤ በጠርሙስ ክዳን እየሰፈረ የሚሸጠው ግን ያገባበታል።

አንድ ሞኝ የሚመስል ነገርም አለ። የቤንዚን ጋኑ ክዳን አየር የሚያስገባ ደቃቅ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው በጭቃ ሲደፈን ጋኑ ውስጥ ስበት ይፈጠራል፤ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፤ ሞተሩም ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እየተቆራረጠ ይጠፋል። ሾፌሩ ቆሞ ሲጠብቅ አየሩ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ሞተሩም ይነሣል። በዚህ ምክንያት ካርቡራተር፣ ካንዴላና የቤንዚን ቧንቧ ለውጠው ያልዳኑ አሉ። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ክዳኑን መክፈት ነው፤ ወዲያው ከተሻለው መድኃኒቱ አንድ መርፌ ነው።

የእሳቱ ነገር በአሮጌው ስኩተር ከአዲሱ ይለያል። አሮጌዎቹ ቬስፓዎች በበራሪው ጎማ ሥር የተቀመጠ ማግኔት፣ የሚገናኙና የሚለያዩ ጫፎች፣ ኮንዴንሰርም አላቸው። የጫፎቹ ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ጫፎቹ ከተቃጠሉ ወይም ከተጣመሙ እሳቱ ሰዓቱን ይስታል። ኮንዴንሰሩ የደከመ እንደሆነ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በመልካም ይሠራል፤ ሲግል ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ሕመም ቤንዚን ሲፈልጉ የሚውሉ ብዙዎች ናቸው። በራሪውን ጎማ ከዘንጉ ጋር የሚያቆራኘው ትንሽ የብረት ቁልፍ ከተቆረጠም እሳቱ ባልሆነ ጊዜ ይመጣል፤ ማስነሻው እግር ይመልሳል። በአዲሶቹ ባጃጆች ይህ ሁሉ በኤሌክትሮኒክ ሣጥን ተተክቷል፤ ሣጥኑ ሲበላሽ አይጠገንም፤ ይለወጣል።

ከሁሉ የከፋው ሕመም ከውጭ የማይታየው ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር የክራንኩ ክፍል እንደ ሳንባ ስለሚሠራ በሁለቱም ጐኖቹ የዘይት መያዣ ጎማዎች አጥብቀው ይዘጉታል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ጎማ ሲደርቅ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፤ ጭሱ ይበዛል፤ የካምቢዮው ዘይትም ያለ ምንም ፍሳሽ ይጐድላል። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲደርቅ ደግሞ ሞተሩ አየር ይሳባል፤ ጋዝ ሲለቀቅ ድምፁ ቶሎ አይወርድም፤ ካንዴላው ይነጣል። ዓመታት ቆሞ የነበረ ቬስፓ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚህ ጎማዎች ናቸው፤ በመቀመጥ ብዛት ይደርቃሉና። ዋጋቸው ጥቂት ነው፤ ለመለወጥ ግን ሞተሩ ለሁለት መከፈል አለበት፤ ሥራውም የሚያስከፍለው ከዕቃው ይልቅ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ርካሹን ጎማ ገዝቶ በዓመቱ ሞተሩን እንደገና የሚያስከፍት ሰው የት ላይ እንደ ቆጠበ ለመናገር ያስቸግራል።

ማርሚታውም ይረሳል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ተቃጥሎ የሚቀረው ጥላሸት ማርሚታው ውስጥ እየተጋገረ የጭሱን መውጫ ያጠባል። ሞተሩ በሚኒሞ ደኅና ይሠራል፤ ሲጫን ግን ይታፈናል። ማርሚታውን ፈትቶ በእጅ መመዘንና ከአዲስ ጋር ማነጻጸር ይበቃል፤ ክብደቱ ራሱ ይናገራል።

ባለ አራት ምት የሆኑት ባጃጆች ዘይታቸው ለብቻው ስለሆነ ከእነዚህ ችግሮች ከፊሉ አይነካቸውም። በምትኩ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፤ የቫልቮላ ክፍተታቸው በጊዜው መስተካከል አለበት፤ የአየር ፊልትሮአቸውም መጽዳት አለበት። አስፋልቱንና ኮብልስቶኑን ትቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ተሽከርካሪ በበጋ የሚውጠው አቧራ ብዙ ነው። የታፈነ ፊልትሮ በደጋው አየር ላይ ሌላ ስስነት ይጨምራል፤ ቅልቅሉም በቤንዚን ይበዛል። ይህን አይተው ፊልትሮውን አውጥተው የሚጥሉ ሾፌሮች አሉ። ሞተሩ ለጊዜው ይፈታል፤ በአቧራው የተነሣ ግን ፒስተኑና ሲሊንደሩ ይፋጫሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰማያዊ ጭስ ይጀምራል። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች በላኩት ገንዘብ የተገዛ ተሽከርካሪ በአንድ ፊልትሮ ምክንያት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል፤ ገንዘቡ በምን ድካም እንደ ተገኘ ሁሉም ያውቃልና።

ሾፌሩ ብዙውን ጊዜ ባለቤት አይደለም። በየማታው ለባለቤቱ የተቈረጠ ገቢ ያስገባል፤ ቤንዚኑን የሚሸፍነውም ከራሱ ነው። የሚቆራረጥ ሞተር የሚበላው ትርፍ ቤንዚን ከባለቤቱ ገቢ አይቀነስም፤ ከሾፌሩ ቤት እንጀራ ነው የሚቀነሰው። ባለቤቱም ስለማይሰማው ለጥገና አይቸኵልም። ነዳጅ በመንግሥት ድጎማ ርካሽ በነበረበት ዘመን ይህ ነገር ብዙ አይታይም ነበር፤ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ሊትር ተቈጣሪ ሆኗል። ባለቤቱና ሾፌሩ የጄቱን ዋጋ ቢካፈሉ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ዛሬ ግን በብዙ ቦታ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

በመለዋወጫ ንግዱ በኩል ያለው ሁኔታም ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከሕንድ የሚመጣው ካርቡራተር፣ ሲሊንደርና ፒስተን ዋጋው በዚያው መንገድ ተከተለ። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባለ ሦስት እግሮችም በአገሪቱ መታየት ጀምረዋል። ከዚህ የሚገመተው፣ አሁን በሥራ ላይ ያሉት የቤንዚን ተሽከርካሪዎች እስኪያልፉ ድረስ ለብዙ ዓመታት በጥገና እንደሚኖሩና ትልልቅ ዕቃዎች እየተወደዱ በሄዱ ቁጥር ትንንሾቹ ዕቃዎች ተፈላጊነታቸው እንደሚጨምር ነው።

ነገር ግን በመደርደሪያ ላይ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሙሉ ካርቡራተር ይገኛል፤ ጄት ለብቻው አይገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አስመጪው በአንድ ሣጥን ካርቡራተር የሚያገኘውን ትርፍ በአንድ ሣጥን ጄት አያገኝም። ይሁን እንጂ አዲሱ ካርቡራተር ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው ጄት ያው ለሜዳው የተሠራው ነው። ደንበኛው ብዙ ብር ከፍሎ ሞተሩ ካልዳነለት ወደዚያው ሱቅ አይመለስም። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያወርዱ የሆሳዕናና የዱራሜ ባለ ሱቆች ከፋብሪካው መደበኛ ቁጥር በታች ያሉትን ሦስትና አራት ደረጃዎች ቢያዙ፣ ዕቃው ክብደትም ቦታም አይጠይቅም፤ አንድ የክብሪት ቀፎ ብዙ ይይዛል። ይህ ለሆሳዕና ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። አዲስ አበባም፣ አስመራም፣ ደብረ ብርሃንም በደጋ ላይ ያሉ ናቸው፤ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ራሱ ደጋ ላይ ሳለ በቆላ ቁጥር ማስመጣቱ የሚያስገርም ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መነሣት ያለበት የሐሰተኛ ካንዴላ ጉዳይ ነው። የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም አስመስለው የሚያትሙ አሉ፤ ኤን ጂ ኬ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ራሱ በስሙ የሚሸጡ አስመሳዮች መኖራቸውን ለደንበኞቹ እያስጠነቀቀ ቆይቷል። ሐሰተኛው ካንዴላ በብዛት ሸክላው ልል ነው፤ ሲግል እሳቱ ይጠፋል፤ ሞተሩም መቆራረጥ ይጀምራል። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ የጠመዝማዛው ጥርስ ሻካራ የሆነ፣ ሮንዴላው በእጅ በቀላሉ የሚወልቅ፣ ዋጋውም ከገበያው በጣም የራቀ ካንዴላ ሊጠረጠር ይገባል። ርካሹን ሸጦ የሚያተርፍ ባለ ሱቅ ትርፉን ያገኘው ካርቡራተሩ ያለ ጥፋቱ እንዲፈታ በማድረግ ነው።

ለባለ ሱቁ አንድ ልማድ ሊመከር ይችላል። ዕቃ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ከመሸጥ በፊት አሮጌውን ካንዴላ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ካንዴላውን አይቶ ጄት ይሸጥ፣ ፊልትሮ ይሸጥ ወይም ምንም ሳይሸጥ ክዳንህን በመርፌ ጥረግ ብሎ ይመልሰው እንደ ሁኔታው ይወስናል። በጄቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በጣም ደቃቅ ስለሆነ በሱቁ ውስጥ አንድ የማጉያ መነጽር መኖሩም ይጠቅማል፤ ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት ቁጥሩ ለደንበኛው ተነብቦ በደረሰኙ ላይ ቢጻፍ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው እንደሚወረድ ክርክር አይኖርም።